በዕድሜ የጎደጎደ ፊትን በፊለር ስለ መሙላት፦ ከቀጠሮ በፊት፣ በዕለቱና ከዚያ በኋላ

በመሀል አዲስ አበባ ስለ ፊለር፣ ማለትም ከቆዳ ሥር በመርፌ ገብቶ የጎደለን ቦታ ስለሚሞላ ጄል ወይም መሰል ንጥረ ነገር፣ የሚለጠፈው ማስታወቂያ በአብዛኛው ከንፈር ማወፈርን የሚመለከትና ወጣቶችን የሚጠራ ነው። ይህ መመሪያ የተጻፈው ግን ለሌላ ሰው ነው፤ ዕድሜው ወደ 50 ተጠግቶ ወይም አልፎ፣ ክብደቱ ሳይቀንስና ጤናው ሳይታወክ፣ ያገኘው ሁሉ «ምነው ከሳህ? አሞህ ነበር እንዴ?» እያለ ለሚያስቸግረው ሰው። እንዲህ ያለው ሰው መስተዋት ፊት ቆሞ ጥፋቱን የሚያላክከው ብዙውን ጊዜ በሽብሽቡ ላይ ነው፤ ችግሩ ያለው ግን በጎደለው ሙላት ላይ ነው፤ ሕክምናውን ከመጀመሪያው በትክክል ለመምራት ይህን ልዩነት መረዳት ያስፈልጋል።

ፊት በዕድሜ የሚለወጠው በቆዳው ብቻ አይደለም። ከሥር ያለው አጥንት ራሱ ይቀንሳል፦ የዓይን ጉድጓድ ይሰፋል፣ የላይኛው መንጋጋ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ የታችኛው መንጋጋ ጠርዝም ይሳሳል። በአጥንቱ ላይ የተቀመጠው ስብ ደግሞ አንድ ወጥ ንጣፍ ሳይሆን በየክፍሉ የተከፋፈለ በመሆኑ፣ እያንዳንዱ ክፍል በራሱ ጊዜና መጠን ይመነምናል፤ በመጀመሪያ ጎድጎድ ብለው የሚታዩትም ብዙውን ጊዜ ጉንጭ፣ የዓይን ሥርና ከቅንድብ ጫፍ ጎን ያለው ቦታ ናቸው። የድንኳን ምሰሶ ሲያጥር ሸራው እንደሚረግብ ሁሉ፣ ድጋፉን ያጣው ቆዳ ወደ ታች ይወርድና ከአፍንጫ ጎን ወደ አፍ ዳር የሚሄደውን መስመር ያጠልቀዋል፣ ከአፍ ዳር ወደ አገጭ ጥላ ያጠላል፣ በመንጋጋ ጠርዝ ላይም ይንጠለጠላል።

ጠቆር ያለ ቆዳ ባለን ሰዎች ዘንድ ይህ ሂደት የራሱ መልክ አለው። ለቆዳ ቀለም የሚሰጠው ሜላኒን ቆዳን ከፀሐይ ጉዳት ስለሚከላከል ደቃቅ ሽብሽብ ዘግይቶ ይመጣል፤ አጥንትንና ስብን ከመመናመን ግን ሜላኒን አያድናቸውም። በዚህም ምክንያት ቆዳው ገና ወዘናው ሳይጠፋ፣ መስመርም ሳይወጣበት፣ ፊቱ ጎድጉዶ የደከመ የሚመስል ሰው በብዛት ይገኛል። ለሽብሽብ የሚሸጥ ቅባት ለእንዲህ ያለው ፊት ብዙ የማይፈይደውም ለዚህ ነው።

የጎደለውን ማወቅ

ሐኪም ዘንድ ከመሄድዎ በፊት ከ25 እስከ 35 ዓመት ባለው ዕድሜዎ የተነሱትን ግልጽ ፎቶግራፍ ይፈልጉ፤ የሠርግ አልበም ወይም ለመታወቂያ የተነሱት ጉርድ ፎቶግራፍ ይበቃል። ከዚያም ጠዋት መስኮት አጠገብ ቆመው፣ ብርሃኑ ከጎን እንዲያርፍብዎት አድርገው፣ ሳይስቁ ከፊት ለፊትና ከሁለቱም ጎን በሰያፍ ሌላ ሰው ፎቶ ያንሳዎት፤ ስልክ ፊት ላይ ተጠግቶ የሚነሳ ሰልፊ አፍንጫን ስለሚያገዝፍና ጉንጭን ስለሚያሳንስ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ሁለቱን ፎቶግራፎች ጎን ለጎን ሲያስቀምጡ ሽብሽብ አይቁጠሩ፤ ጥላ የት እንዳረፈ ይመልከቱ። በድሮው ፎቶ ላይ ብርሃኑ ከዓይን ሥር እስከ ጉንጭ ሳይቋረጥ ይወርዳል፤ በዛሬው ላይ መሀል ላይ በጥላ የሚቆረጥበት ቦታ ካለ ሙላት የጠፋው ከዚያ ነው።

ቀጥሎ በሁለት ጣት ጉንጭዎን ከአጥንቱ ላይ በጥቂቱ ብቻ ወደ ላይና ወደ ውጭ ሳብ ያድርጉት። በዚህ ትንሽ እንቅስቃሴ የአፍ ዳሩ መስመር ከቀለለ፣ መሞላት ያለበት መስመሩ ሳይሆን ጉንጩ ነው ማለት ነው። መስመሩን ብቻ እንዲሞሉለት የሚጠይቅ ታካሚ፣ ጥያቄውንም ሳይመረምር የሚፈጽም ባለሙያ፣ ሁለቱም የሚያገኙት ከአፍንጫ በታች የከበደና ያበጠ የሚመስል ፊት ነው። ጣትዎን ሲስቡ ብዙ ቆዳ የሚተርፍ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ከፊለር አቅም በላይ ሊሆን ስለሚችል፣ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ማማከሩ ይሻላል፤ የላላ ቆዳን በጄል ነፍቶ ለመወጠር መሞከር ፊትን ከማበላሸት በስተቀር ውጤት የለውም።

ይህን ምዘና የሁዳዴ ጾም ማብቂያ ላይ ባያደርጉት መልካም ነው። ከ55 ቀናት ጾም በኋላ የብዙ ሰው ፊት ከወትሮው ይከሳል፤ ከፋሲካ በኋላ ደግሞ የተወሰነው ይመለሳል። ክብደት ለመቀነስ እንደ ሴማግሉታይድ ያለ መድኃኒት የሚወስድ ሰውም ክብደቱ አንድ ቦታ እስኪረጋ ይጠብቅ፤ እየቀነሰ ባለ ፊት ላይ የሚወሰን መጠን ከጥቂት ወራት በኋላ ልክ ሆኖ አይገኝም።

ምን ይወጋል?

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሞክር ሰው ምርጫው የሃያሉሮኒክ አሲድ ጄል መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ። ይህ ንጥረ ነገር በቆዳችን ውስጥ በተፈጥሮ የሚገኝና ውኃ የሚይዝ ሲሆን፣ በ1934 ካርል ማየርና ጆን ፓልመር ከከብት ዓይን ለይተው ያወጡት ነው። በአሜሪካ የመጀመሪያው የሃያሉሮኒክ አሲድ ፊለር፣ ሬስቲሌን፣ በ2003 ፈቃድ አገኘ፤ በተለይ ለጉንጭ ሙላት የተፈቀደው ጁቪደርም ቮሉማ ደግሞ በ2013 ተከተለ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የዚህ ጄል ትልቁ ጥቅም ረጅም ጊዜ መቆየቱ አይደለም፤ ስህተት ሲፈጠር ሃያሉሮኒዴዝ በሚባል ኢንዛይም መሟሟት መቻሉ ነው። ጉንጭ ላይ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ዓመት እስከ ሁለት ዓመት ይቆያል፤ ብዙ በሚንቀሳቀሰው ከንፈር ላይ ግን ቶሎ ይጠፋል።

ካልሲየም ሃይድሮክሲላፓታይት፣ በገበያ ስሙ ራዲየስ፣ እና ስከልፕትራ በሚል ስም የሚታወቀው ፖሊ ላክቲክ አሲድ ሌሎቹ አማራጮች ናቸው። ሁለተኛው ወዲያውኑ ቦታ ከመሙላት ይልቅ ሰውነት ኮላጅንን፣ ማለትም ቆዳን የሚያጠነክረውን ፕሮቲን፣ ራሱ እንዲሠራ የሚያነሳሳ በመሆኑ በሳምንታት ልዩነት ተደጋግሞ ይሰጣል፤ ውጤቱም ቀስ ብሎ ነው የሚታየው። ስከልፕትራ በአሜሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ በ2004 የተፈቀደው በኤችአይቪ ምክንያት የጉንጭ ስባቸውን ላጡ ሰዎች ነበር። በአገራችንም ስታቩዲን የተባለውን የቀድሞ መድኃኒት ለዓመታት ወስደው ጉንጫቸው የጎደጎደ ሰዎች ስላሉ፣ ጉዳዩን ከመደበኛ ሐኪማቸው ጋር ሳያፍሩ ሊያነሱት ይገባል። ራዲየስም ሆነ ስከልፕትራ ግን በኢንዛይም አይሟሙም። በቋሚነት ይቀራል ተብሎ የሚቀርብ ማናቸውንም ፈሳሽ፣ በተለይም ሲሊኮን፣ ፊትዎ አጠገብ አያስደርሱ፤ ፊቱ ማርጀቱን ሲቀጥል ፈሳሹ ባለበት ይቀራል፣ እብጠትና ቁስለት ካመጣም የሚወጣው በቢላዋ ነው።

ማን ይውጋዎት?

ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ይህ ነው። ሥራው የሐኪም ሥራ ነው፤ የቆዳ ሐኪም ወይም የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ሐኪም፣ የፊትን የደም ሥሮች የሚያውቅ፣ ጉዳት ሲደርስም ማከም የሚችል ሰው ይፈልጉ። በፀጉር ቤት ጀርባ ክፍል፣ በመኖሪያ ቤት ወይም በሆቴል ክፍል የሚሰጥ መርፌ፣ ሰጪው ምንም ያህል «እጁ ቀላል ነው» ቢባል፣ ተቀባይነት የለውም። ያለ መርፌ፣ በግፊት ጄሉን ወደ ቆዳ ያስገባሉ የሚባሉት እስክሪብቶ መሰል መሣሪያዎችም የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2021 ሕዝቡን ያስጠነቀቀባቸው ናቸው።

ወደ ክሊኒኩ ሲገቡ የተቋሙ ፈቃድ ግድግዳ ላይ መሰቀሉን፣ የሚያክምዎት ሰው ስምና የሙያ ፈቃድም መኖሩን ይመልከቱ። ለምክር የሚያዘው ቀጠሮና የሚወጉበት ቀጠሮ የተለያዩ ቀናት ቢሆኑ ይመረጣል። በመጀመሪያው ቀን ሐኪሙን ሳይሸማቀቁ ይጠይቁ፦ ሃያሉሮኒዴዝ አሁን፣ በዚህ ክፍል ውስጥ አለ? የአገልግሎት ጊዜው አላለፈም? የደም ሥር ቢዘጋ ምን ያደርጋሉ? ማታ ቢያመኝ የሚነሳው ስልክ የማን ነው? «እስካሁን በእኛ ዘንድ አጋጥሞ አያውቅም» የሚለው መልስ አያረካም፤ ብዙ የሠራ ሐኪም ጉዳቱን ያውቀዋል፣ ስለ ሕክምናውም በዝርዝር ይናገራል። «ከውጭ እናስመጣልዎታለን» ከተባለ ያንን ክሊኒክ ይተዉት፤ ኢንዛይሙ የሚያስፈልገው በሰዓታት ውስጥ ነው።

ዕቃውንም ይመርምሩ። ጄሉ በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የተመዘገበ መሆኑን፣ በማን በኩል እንደገባም ይጠይቁ፤ በሰው ሻንጣ ተይዞ የገባ ሳጥን መልኩ ቢያምርም በምን ሙቀት እንደቆየና እውነተኛ መሆኑን የሚያረጋግጥልዎት የለም። ሲሪንጁ የታሸገ ሳጥን ሆኖ እርስዎ ባሉበት መከፈት አለበት። እዚህ ላይ በወዳጆች መካከል የሚደረግ አንድ አደገኛ ቁጠባ አለ፦ አንዱን ሲሪንጅ ለሁለት መካፈል፣ ወይም የተረፈውን «ለሚቀጥለው ጊዜ» ማስቀመጥ። እንጀራ መቋደስ ወግ ነው፤ ሲሪንጅ መቋደስ ግን ሄፓታይተስና ኤችአይቪ መጋበዝ ነው። የተከፈተ ሲሪንጅ ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ቀን ብቻ ያገለግላል።

ዋጋው ብዙውን ጊዜ የሚነገረው በሲሪንጅ ነው። አንድ ሲሪንጅ በአብዛኛው 1 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም የሻይ ማንኪያ አንድ አምስተኛ ብቻ ስለሚይዝ፣ ለዓመታት የጎደጎደ ፊት በአንድ ሲሪንጅ ይሞላል ብሎ መጠበቅ አይገባም። ጥሩ ሐኪም በመጀመሪያው ቀን ካሰበው አሳንሶ ይሰጥና ከሳምንታት በኋላ ውጤቱን አይቶ ይጨምራል። ዋጋውን ሲጠይቁ የክትትል ቀጠሮውና አስፈላጊ ከሆነም የማሟሚያው ወጪ ይካተት እንደሆነ አብረው ይጠይቁ። ለበዓል የሚወጣ «ዛሬ ብቻ» ቅናሽ ለጫማ ያምራል፤ ለፊት መርፌ ግን የሚያስጠረጥር ነው።

ዝግጅት

ለሐኪሙ የሚነግሩት ነገር ከሚጠይቁት አያንስም። እርጉዝ የሆነች ወይም የምታጠባ ሴት ትጠብቅ። ፊት ላይ ብጉር አብጦ፣ ቁስል ኖሮ፣ ወይም የጥርስ ኢንፌክሽን እያለ መርፌ አይወጋም፤ የጥርስ ሕክምና ካለብዎት ከፊለሩ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይራቅ፣ ከፊለሩ በኋላም እንዲሁ። ከንፈርዎ ላይ ምች የሚወጣብዎት ከሆነ አስቀድመው ይናገሩ፤ መርፌው ሊቀሰቅሰው ስለሚችል መከላከያ መድኃኒት ሊታዘዝልዎት ይችላል። ጠባሳዎ ከፍ ብሎ የሚያድግ መሆኑን፣ ሊዶኬይን ለሚባለው ማደንዘዣ አለርጂ እንዳለብዎት፣ ሰውነት ራሱን የሚያጠቃበት ሕመም መኖሩን፣ ከዚህ በፊት ፊትዎ ላይ የተወጉት ነገር ካለም ምን እንደነበረ ይግለጹ። ንብ ሲነድፍዎት ከባድ አለርጂ የሚነሳብዎት ከሆነም ይናገሩ፤ ማሟሚያው ኢንዛይም በእንዲህ ያሉ ሰዎች ላይ አለርጂ ሊያስነሳ ይችላል።

መበለዝን ለመቀነስ አይቡፕሮፌን፣ የዓሣ ዘይት፣ ቫይታሚን ኢና የነጭ ሽንኩርት እንክብል ለአንድ ሳምንት ያህል ማቆም ይመከራል፤ መጠጥም ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት ይቁም። በልብ ወይም በስትሮክ ምክንያት የታዘዘልዎትን አስፕሪን ወይም ሌላ ደም ማቅጠኛ ግን ያዘዘልዎት ሐኪም ሳይፈቅድ በፍጹም አያቁሙ፤ በለዝ በሁለት ሳምንት ይጠፋል።

ቀኑን ሲመርጡ ከልጅ ሠርግ ወይም ከትልቅ ድግስ ቢያንስ አራት ሳምንት ቀደም ይበል፤ በጥርና በሚያዝያ የሚደገስ ሰው ይህን ከወዲሁ ያስላ። ቀጠሮውም የጠዋት ይሁን። አመሻሽ ላይ ተወግቶ የከተማው መንገድ በተጨናነቀበት ሰዓት ወደ ቤት የሚያመራ ሰው፣ ሕመም ሲሰማው ክሊኒኩ ተዘግቶ ይጠብቀዋል።

በዕለቱ

ፊትዎ ከኩል፣ ከፓውደርና ከቅባት ታጥቦ ይጸዳል፤ ፎቶ ይነሳል፤ ቀና ብለው እንደተቀመጡም ሐኪሙ በነጭ እርሳስ ምልክት ያደርጋል። ተቀምጠው መሆኑ አስፈላጊ ነው፤ ሲተኙ ጉንጭ ወደ ጆሮ ስለሚሸሽ ጉድለቱ ይደበቃል። ጠንከር ያለው ጄል በጉንጭ አጥንት ላይ በጥልቀት ይቀመጣል፤ ለስላሳው ወደ ላይ ጠጋ ይላል። የዓይን ሥር ቆዳ ስስ በመሆኑ ጄሉ ወደ ላይ ከቀረበ ጠቆር ያለ ሰማያዊ ጥላ ይሰጣል፤ በመጀመሪያ ጉንጩን ሞልቶ የዓይን ሥሩን ለሌላ ቀን ማቆየት ብልህነት ነው፤ አንዳንዴም ጉንጩ ሲደገፍ የዓይን ሥሩ ራሱ ይቀላል። ሐኪሙ በመርፌ ወይም ካኑላ በሚባል ጫፉ ደንዘዝ ባለ ቀጭን ቱቦ ሊጠቀም ይችላል፤ ካኑላ መበለዝን ቢቀንስም ከአደጋ ነጻ አያደርግም። በእኛ ቆዳ ላይ እያንዳንዱ ቀዳዳ ጥቁር ነጥብ ሊተው ስለሚችል፣ የሚወጋበት ቦታ ቁጥር ማነሱ ተገቢ ነው።

በሚወጋበት ጊዜ መጫንና መወጠር ይሰማል። ድንገት የሚመጣ ከባድ ሕመም፣ ወይም ዓይን ላይ የሚሰማ ማናቸውም ለውጥ ሲኖር ግን «ልታገሠው» አይበሉ፤ ወዲያውኑ «ያቁሙ» ይበሉ። በዚህ ቦታ ጨዋነት ይጎዳል።

ጄሉ የደም ሥር ውስጥ ከገባ ወይም ከውጭ ከተጫነው፣ በዚያ ሥር የሚመገበው ቆዳ ደም ያጣል። የመማሪያ ሥዕሎች ምልክቱን «ቆዳው ነጭ ይሆናል» ብለው ነው የሚያሳዩት፤ በጥቁር ቆዳ ላይ ግን ነጩ ግራጫ ወይም አመድማ መስሎ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ዓይን ብቻ አይታመንም። ሐኪሙ የሞላውን ቦታ በጣት ተጭኖ ይለቅና የደሙን መመለስ ከሌላኛው ጉንጭ ጋር ያስተያየዋል፤ በሁለት ሰከንድ ገደማ ውስጥ ካልተመለሰ የሚያሰጋ ነው። ከንፈርን ገልብጦ ውስጡን ማየትም ይረዳል፤ የከንፈር ውስጥ ቀለም በቆዳ ጥቁረት አይሸፈንም። ይህን ዘዴ ቤትዎ ሆነው እርስዎም ሊሞክሩት ይችላሉ። እየጨመረ የሚሄድ የአንድ ወገን ሕመም፣ መረብ የመሰለ ሐምራዊ ወይም ጠቆር ያለ ጥለት፣ የቆዳው መቀዝቀዝ፣ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላም መግል የቋጠሩ ደቃቅ ነጠብጣቦች፣ ሁሉም ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ሐኪሙ የሚያስመልሱ ናቸው። እንዲህ ባለ ጊዜ በረዶ አይያዝም፤ በረዶ ሥሩን ይበልጥ ያጠበዋል። የሚያስፈልገው ሞቅ ያለ ጨርቅ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በብዛት የሚሰጥ ሃያሉሮኒዴዝ ነው።

በጣም አልፎ አልፎ የሚደርሰው ከባዱ አደጋ ዓይነ ስውርነት ነው። በቅንድቦች መካከል፣ በአፍንጫና በግንባር ያሉት ሥሮች ዓይንን ከሚመግቡት ጋር ስለሚገናኙ፣ በግፊት የገባ ጄል ወደ ኋላ ተጉዞ የሬቲናን፣ ማለትም ከዓይን በስተኋላ ብርሃን የሚቀበለውን ስስ ሽፋን፣ ደም ሊዘጋ ይችላል፤ ሬቲናም ያለ ደም የሚቆየው ከአንድ ሰዓት ብዙም ለማይበልጥ ጊዜ ነው። በእነዚህ ቦታዎች ላይ ፊለር ባይወጋ እመርጣለሁ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመጣ ታካሚማ ከነጭራሹ። ከመርፌው በኋላ እይታ ከደበዘዘ፣ ከጨለመ ወይም አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ካሳየ፣ ሐኪሙ በዚያው የሚችለውን ሕክምና እየጀመረ ታካሚው ሳይዘገይ ወደ ዓይን ሐኪም መድረስ አለበት፤ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና ክፍል አለው። ክሊኒኩ ለእንዲህ ያለ ጊዜ የት እንደሚልክና ለማን እንደሚደውል አስቀድሞ ያዘጋጀ መሆኑ፣ በምክር ቀጠሮው ቀን ሊጠየቅ የሚገባ ነገር ነው።

ከዚያ በኋላ

ሁሉም በደህና ካለፈ፣ ቀሪው ቀላል ነው። እብጠትና በለዝ ከጥቂት ቀናት እስከ ሁለት ሳምንት ይታያሉ፤ በመጀመሪያው ሳምንት ያለው መልክ የመጨረሻው ስላልሆነ በእሱ አይፍረዱ። በዚያው ዕለት ፊትዎን አይንኩ፣ ቅባት አይቀቡ፤ ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ከባድ ስፖርትና መጠጥ ይተዉ። ስቲም፣ ሳውናና ወይባ ጭስ ለሁለት ሳምንት ይቆዩ፤ ፊት ማሳሸትም እንዲሁ። ቡና ሲፈላ ከረከቦቱ ጀርባ መቀመጥ አይከለክልም፤ ከምድጃው ላይ ማጎንበሱን ግን ለሌላ ሰው ይተዉት። ጉንጭ ለጉንጭ እየተነካኩ ሦስት አራት ጊዜ የሚሳሳሙ ወዳጆች ካሉዎት፣ ለጥቂት ቀናት በእጅ ሰላምታ ይለፏቸው፤ ጉንጭ ላይ የተቀመጠው ጄል ገና አልረጋም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ያለች ከተማ በመሆኗ ፀሐይዋ ቆዳን ትጎዳለች፤ የተበለዘ ቦታ ለፀሐይ ሲጋለጥ ጥቁር ምልክት ሊይዝ ስለሚችል ጃንጥላ፣ ባርኔጣና የፀሐይ መከላከያ ክሬም አይለዩዎት።

ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ የሚጠነክር፣ የሚቀላ ወይም የሚያም እብጠት ከወጣ፣ ብዙውን ጊዜ ጉንፋን ወይም የጥርስ ሕመም ካለፈ በኋላ ነው፤ አያፍርጡት፣ ቤት ውስጥም አንቲባዮቲክ አይጀምሩለት፤ የወጋዎት ሐኪም ይየው።

ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ለክትትል ይመለሱና በዚያው መስኮት፣ በዚያው ሰዓት ሁለተኛ ፎቶ ይነሱ። መጨመር የሚያስፈልገው ፎቶው ጉድለት ካሳየ ነው፤ ዓመት ስለሞላ ብቻ መደገም የለበትም፣ የቀድሞው ጄል ገና ሳያልቅ ሲደራረብ ነውና ፊት የሚያብጠው። በሲሪንጁ ሳጥን ውስጥ የሚገኘው የመለያ ቁጥር ያለበት ተለጣፊ አንዱ በሕክምና ካርድዎ ላይ፣ ሌላው እጅዎ ላይ ይቅር፤ የተወጋበትን ቦታ፣ መጠንና ቀን ከሥሩ አስጽፈው፣ ወደ ጥርስ ሐኪምም ሆነ ፊትዎን ወደሚያክም ሌላ ባለሙያ ሲሄዱ ያሳዩት።